ጊደሯን ያጠጣንበት ግንቦት

ከሱቄ ጀርባ ያለው ጎረቤቴ ፎቅ ሊሠራ ተነሥቷል። ሰሞኑን የመጀመሪያውን ሶሌታ ሞሉት፤ ሶሌታ ማለት ለታችኛው ቤት ጣራ፣ ለላይኛው ወለል የሚሆነው የአርማታ ንጣፍ ነው። ማደባለቂያው ሲያንጓጓ ውሎ ዝም ካለ በኋላ ያ የእርጥብ ሲሚንቶ ሽታ፣ ካፊያ ያረፈበት አመድ የሚመስለው፣ በጓሮ በኩል ገብቶ ቤቱን ሞላው። ከዚያ ወዲህ መቀመጫዬ አልረጋ ብሏል። ሚስማር ሚዛን ላይ አድርጌ ደንበኛዬን እዚያው አቁሜ እወጣለሁ፤ ቀለም ልቀዳ ተነሥቼ ባዶ እጄን እመለሳለሁ። አጥሩ ጋ ሄጄ በቆርቆሮው ሽንቁር ሳይ ሶሌታው ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ እየነጣ ነው፤ የሚያጠጣው የለም። ዘበኛውን ጠራሁትና «አንተ ልጅ፣ ይህን ነገር ውሃ አታጠጡትም እንዴ?» ብለው፣ «እማማ፣ ዛሬ እኮ በዓል ነው» አለኝ። ሳቅም ንዴትም ባንድ ላይ መጣብኝ። ወደ ሱቄ ገባሁ፤ ወዲያው መልሼ ወጣሁ።

ሩት የመጣችው እንደዚህ እየወጣሁ እየገባሁ ሳለ ነው። ሩት ዩኒቨርሲቲ የምታስተምር፣ ከሐዋሳ የመጣች ልጅ ናት። ጥናቷ የግንባታ ሥራ ዕቅድና አመራር ላይ ነው፤ በየቦታው የሚጀመረው ግንባታ ለምን በጊዜው እንደማያልቅ ትመረምራለች። ድሮ ግንባታ ላይ ውሃ ከማመላለስ ተነሥቼ ዕቃ ግምጃ ቤት እስከ መያዝ መድረሴን ሰው ነግሯት ኖሮ ወረቀቷን ይዛ መጣች።

«እማማ የሺ፣ አጭር መጠይቅ ነው። ብዙ ጊዜ አልወስድብዎትም፤ እርስዎ ብቻ...»

«እርስዎ ስትዪኝ ባንክ ቤት የተሰለፍሁ ነው የሚመስለኝ። እኛ አገር አንቱ ነው የሚባለው። ተቀመጪ።»

«እሺ፣ አንቱ» አለችና ሳቀች። «አንቱም ይቀመጡ እንጂ።»

«እኔ ቆሜ ይሻለኛል። ጠይቂኝ።»

የሥራ መጓተት ምክንያቶች ብላ ታነብልኝ ጀመር። የሲሚንቶ እጥረት፤ ከፍተኛ በይ አልኳት። የዲዛይን መለዋወጥ፤ እሱንም ከፍተኛ በይው። የዝናብ ወቅት፤ ይህማ ይጠየቃል ወይ። ከዚያ «የበዓላት ብዛት» አለች፣ አንገቷን ሳታቀና። «ተጽዕኖው ዝቅተኛ ነው፣ መካከለኛ፣ ወይስ ከፍተኛ?» እኔ ዞርሁና አጥሩን አየሁት። እሷ የሰለቸኝ መስሏት «ካልፈለጉ እንለፈው» አለች።

«አናልፈውም» አልኋት። «ግን ይህ ባንድ ቃል አይመለስልሽም። እስኪርቢቶውን አስቀምጪና ስሚኝ።»

ያን ዘመን ሳስበው ቀድሞ የሚመጣብኝ እግሬ ነው። ኮንጎ ጫማ ነበረኝ፣ ጥቁር ጎማ፣ ፀሐይ ሲመታው እግር የሚቀቅል፣ ቁር ሲሆን እንደ ቆርቆሮ የሚደርቅ። የገዛሁት ደብረ ታቦር ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ ካለው ማዕዘን፣ ብርድ ልብስና ኩራዝ አብሮ ከሚሸጥ ሰውዬ ነው። እዚያ ማዕዘን ላይ አንዲት ሻይ ቤት ነበረች፤ ሻይ በዐሥር ሳንቲም፣ ብርጭቆው ወገቡ የቀጠነ፣ ስኳሩ ከሥር ተኝቶ የሚቀር። ሬዲዮኗ ከመደርደሪያው ላይ በዳንቴል ተሸፍና ትዘፍናለች፤ የዚያን ጊዜ ዘፈን ሁሉ ስለ መለየት ነበር፣ እኛ ደግሞ ገና ከማንም ሳንለይ ዐብረን እናዝናለን። ወንዱ ካኪ ሱሪ፣ ጉልበቱ ላይ በሌላ ካኪ የተጣፈ፤ ሴቱ ለክት ቴትሮን ቀሚስ፣ መታጠብ የማይሰለቸው፣ መተኮስ የማይፈልግ። ዛሬ ያ ማዕዘን የሞባይል ሱቅ ሆኗል፤ ባጃጁ ሲጮኽ ውሎ ያመሻል፤ ባለፍሁ ቁጥር ግን አፌ ላይ የዚያች ሻይ ስኳር ይመጣል። ማን ነበር በላይ ሆኖ የሚገዛን፣ ምን ታውጆ ነበር፣ እሱን ሌላ ሰው ይጻፈው። እኔ የማስታውሰው ጫማዬን ነው፤ ጫማውን የገዛሁበት ውሃ የማመላለስ ደመወዝ የመጣው ደግሞ ከድልድይ ሥራ ነው።

ቤታችን ጉና እግር ሥር ነው፣ ገብስና ድንች አገር። ከመንደራችን በታች ጥቁር ውሃ የምንለው ወንዝ ይወርዳል። በበጋ ድንጋይ ለድንጋይ እየረገጥን የምንሻገረው፣ በክረምት ግን ቋጥኝ እያንከባለለ ሲያጓራ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚያነሣ ነው። የደብረ ታቦር መንገድ በእኛ በኩል ነው፤ ታላቅ እኅቴ፣ እኔ እታለም የምላት፣ የተዳረችው ማዶ ነው። ከቤታችን የጭሷን ጫፍ ማየት ይቻላል፤ ክረምት ሲገባ ግን ማየት ብቻ ነው። የመጀመሪያ ልጇን ያጣችው በነሐሴ ነው። ምጥ ሲጸናባት በቃሬዛ ይዘዋት ወጡ፤ ወንዙ ዳር ቆመው ውሃው እስኪጎድል ሲጠብቁ ሕፃኑ ሞተ። እኛ በዚህ ዳር፣ እነሱ በዚያ ዳር፣ ለቅሶውን በውሃው ላይ ተቀባበልነው። በሚቀጥለው ዓመት እንደገና አረገዘች። መውለጃዋን ስትቆጥረው ሐምሌ ላይ ወደቀ። ድልድይ ሊሠራ ነው የተባለውም በዚያው ዓመት ነው፤ እና እኛ ቤት ድልድይ ማለት የእታለም ልጅ ማለት ነበር፣ ሌላ ትርጉም አልነበረውም።

ሥራውን ሊያሠራ የመጣው ፎርማን ሰይድ ይባላል፣ የወሎ ሰው። ያኔ እኛ ወጣቶቹ አንቱ እንለው ነበር፤ አሁን ሳስበው ከመጨረሻ ልጄ ያነሰ ጎረምሳ ነበር፣ ስለዚህ አንተ ብዬ ባወራው አይቀየመኝም። ሙስሊም መሆኑን ያወቅነው የፋሲካ ሥጋችንን ሳይቀምስ ሲቀር ነው፤ ከዚያ ወዲያ እናቴ ሽሮና ድንች ስትልክለት ከረመች። ቀጭን፣ ጢሙ ገና ያልሞላ፣ እጁ ሥራ ከፈታ የሚጨነቅ ሰው ነበር። ከወንዙ ዳር በቆርቆሮ ጎጆ ቀለሰ፣ ግድግዳው ላይ ትልቅ ወረቀት ለጠፈ። ወረቀቱ ላይ አግድም የተሰመሩ መስመሮች አሉ፤ አንዱ ቁፋሮ፣ አንዱ ድንጋይ፣ አንዱ ብረት፣ የመጨረሻው የአርማታ ሙሌት። ትምህርት ቤት ደጅ ረግጬ አላውቅም፤ ፊደል የለየሁት ከሲሚንቶ ከረጢትና ከዚያ ወረቀት ላይ ነው። መስመሩ ሁሉ የሚያልቀው ሚያዝያ ላይ ነበር። ግን ሲሚንቶ የጫነው መኪና መንገድ ላይ ተሰብሮ ከረመ፣ ብረቱ አጥሮ መጣ ተብሎ ተመለሰ፣ እና ሰይድ ማታ ማታ መስመሮቹን በላጲስ እያጠፋ ወደ ቀኝ ሲገፋቸው አየዋለሁ። ወረቀቱ ከመፋቅ ብዛት ሳሳ። እሱም ሳሳ።

ሙሌቱ ግንቦት ውስጥ ገባ። ሰይድ ሽማግሌዎቹን ሰብስቦ «አርማታው ከተሞላ በኋላ በየቀኑ ውሃ መጠጣት አለበት፤ አንድም ቀን ሳያቋርጥ። ሰው ይመጣል?» ብሎ ጠየቃቸው። እንግዳን ፊት ለፊት አይሆንም ማለት በእኛ ዘንድ ነውር ነውና ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። አባቴም ነቀነቀ። እሱ ደስ አለውና ወረቀቱ ላይ ጻፈ። ማንም ያልነገረው የተሞላበት ማግሥት ገብርኤል መሆኑን ነው። ከገብርኤል ቀጥሎ ማርያም አለች፣ ከማርያም ወዲያ ጊዮርጊስ፣ ተክለ ሃይማኖት፣ መድኃኔዓለም፣ በዓለ ወልድ፤ በመሐሉም ቅዳሜና እሑድ። በእኛ አገር በዓል የሻረ ሰው በራሱ ላይ ብቻ አይደለም የሚያመጣው፤ ጉና ጥቁር ደመና ይለብስና በረዶው የመንደሩን ሁሉ እርሻ ይመታል ይባላል። ድንቹ ያን ጊዜ ገና ቅጠል አውጥቶ ነበር።

ሩት እዚህ ላይ አቋረጠችኝ። «ማለት የሥራ መርሐ ግብሩ ሲወጣ ማኅበረሰቡ አልተማከረም?»

«ተማከረ እንጂ ልጄ። ራስ ተነቀነቀ አልሁሽ።»

የተሞላ ዕለትማ ሠርግ ነበር። ወንዱ ባሬላ ተሸክሞ፣ ሁለት ሰው ፊትና ኋላ ሆኖ የሚይዘውን፣ እየዘፈነ ሲመላለስ ዋለ፤ እኔና የሠፈሬ ሴቶች በእንስራና በጀሪካን ውሃ ስናቀርብ ወገባችን ተቆረጠ። ማታ ሰይድ ገለባ አልብሶ ጆንያ ደረበበት፣ እንደ ታመመ ሰው። በማግሥቱ ከቅዳሴ ነጭ ለብሰን ስንመለስ፣ ከቁልቁለቱ አናት ላይ ሕዝቡ ሁሉ ቆመ። ሰይድ ብቻውን ነው። ሁለት ባልዲ ይዞ ከወንዙ ይቀዳል፣ ይወጣል፣ ጆንያው ላይ ያፈሳል፣ ይወርዳል። ከሩቅ ሲያዩት ጉንዳን ይመስላል። አንዷ ሴት «ኧረ ይህ ሰው ምን ነካው» አለች፤ አባቴ ግን ወረደ፣ እኛም ተከተልነው።

«አንተ ሰይድ፣ ዛሬ ገብርኤል ነው» አለው አባቴ።

«አወቅሁ አባ ዓለሙ፤ ሰው ሲቀርብኝ ጊዜ አወቅሁ። በዓላችሁን አከብራለሁ፤ ማንንም አልጠራሁም። ብቻዬን ነኝ።»

«በረዶው ሲወርድ ግን ብቻህን አይመታህም።»

ሰይድ ባልዲውን አስቀመጠ። እጁ መቀመጫ አጥቶ ሱሪውን ይጠራርግ ጀመር። «ዛሬ ካልጠጣ ይሰነጠቃል» አለ። «ከተሰነጠቀ ለዚህ ክረምት ድልድይ የለም። እኔ ምን ላድርግ?»

እታለም ለንግሡ ከማዶ መጥታ አብራን ነበረች፤ ሆዷ ገፍቷል፣ ነጠላዋን መስቀለኛ ለብሳለች። ሰዉን ከፍላ አለፈችና ሶሌታው ዳር ተንበረከከች። ጆንያውን ገለጥ አድርጋ መዳፏን አሳረፈች። አላነሣችውም።

«ይሞቃል» አለች።

«ማን?» አለ አባቴ።

«ይሄ ነገር። ልክ እንደ ላም ሆድ ይሞቃል።»

«ሲጠነክር ትኩሳት አለው» አለ ሰይድ። «ውሃ የሚፈልገው ለዚያ ነው።»

እታለም ወደ ነፍስ አባታችን ወደ አባ መንበሩ ዞረች። ጥላቸውን ዘርግተው፣ መስቀላቸውን በደረታቸው ይዘው ከኋላ ቆመዋል። «አባ፣ እስቲ አንቱም ይንኩት» አለቻቸው። አባ መንበሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ጎንበስ ለማለት የሰው ትከሻ ይዘው ነው። ነኩት። ዐይናቸውን ጨፍነው ቆዩ። ሕዝቡ የእሳቸውን ጀርባ ያያል፣ እኔ የእታለምን ፊት አያለሁ።

«በበዓል በሬ ጠምዶ ማረስ ኃጢአት ነው» አሉ ቀና ብለው። «ያንኑ በሬ ውሃ ወርዶ ማጠጣትን ግን ማን ከለከለ? የሚሞቅ ነገር ይጠማዋል። አጠጡት።»

አባቴ ሳል አለ። «አባ፣ ይፍቱኝና፣ ሲሚንቶ ከመቼ ወዲህ ነው ከብት የሆነው?»

«ከከበደህ ጊደር ናት በላት፣ ዓለሙ።»

መጀመሪያ የሳቀው ማን እንደሆነ አላውቅም፤ ሳቁ ግን ቁልቁለቱን ወጣ። የዚያን ቀን ሴቱ ሁሉ የበዓል ልብሱን ሳይቀይር ውሃ ወረደ። እኔ በቴትሮን ቀሚሴ፣ እናቴ በጥልፏ። ሰይድ ዳር ቆሞ ያያል፤ ባልዲውን ማን እንደወሰደበት እንኳ ያወቀ አይመስልም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ድልድዩ ጊደሯ ተባለ። መንገድ ላይ የተገናኘ ሰው ከሰላምታ በኋላ «ጊደሯ ጠጣች?» ይጠያየቅ ነበር። ማታውን ሰይድ እናቴን ጎጆው ድረስ ጠርቶ በዓላቱን አስቆጠራት፤ እሷ እየጠራች እሱ ወረቀቱ ላይ በቀይ ይጽፋል። «ሌላም አለ?» ሲላት «አለ እንጂ ልጄ፣ ምነው ቸኮልህ» ትለዋለች። ባንዳንዱ ቀይ ጽሕፈት ጎን ማጠጣት ብቻ ብሎ አከለ። ይህን ስነግራት ሩት እስኪርቢቶዋን አነሣች፤ ምን እንደጻፈች አላየሁም፣ ተነሥቼ አጥሩ ጋ ሄጄ ነበር። ሶሌታው እንደነጣ ነው።

ሁሉም ነገር በደህና አለቀ ብዬ ብነግርሽ ውሸት ይሆንብኛል። በጊዮርጊስ ዕለት ከሰዓት በኋላ ጉና ጠቆረ፤ በረዶው ወረደ፤ ከመንደሩ ሁሉ የኛን ድንች አብልጦ መታው። ቅጠሉ ተቆራርጦ መደቡ ላይ አረንጓዴ ጭቃ ሆነ። ያን ምሽት ሰይድ ጎጆ ማንም አልደረሰም፤ እናቴም ሽሮውን አልላከችም። አንዳንዱ አባ መንበሩን ማማት ጀመረ። አባ መንበሩ ሰምተው «ጉና ላይ በረዶ እኔ ሳልወለድም ነበረ» ከማለት በቀር አልተነፈሱም። በማግሥቱ ንጋት ላይ አባቴ ከእርሻው ተመለሰ፤ እግሩ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው። እንስራ አንሥቶ ወደ ወንዙ ሲሄድ እናቴ «ወዴት ነው?» አለችው። እንስራ ወንድ አይሸከምም፤ አይታ አታውቅም።

«ድንቹ ሄዷል» አላት። «ጊደሯም ትሙት?»

ከዚያ ወዲያ ማጠጣቱ አልተቋረጠም። ችግሩ ከሌላ በኩል መጣ። ሶሌታው እስኪጸና ከሥሩ ወንዙ ውስጥ በተተከለ የባሕር ዛፍ ቋሚ ተደግፎ ነበር። ቋሚው የሚነሣበትን ቀን ሰይድ ወረቀቱ ላይ አስፍሯል። ሰኔ ግን ገና ከመግባቱ ያልታሰበ ዶፍ ጣለና፣ ሌሊቱን ጥቁር ውሃ ሞልቶ ቋሚውን ከነማገሩ ነቅሎ ወሰደው። ጠዋት ስናይ ድልድዩ ብቻውን ቆሟል፣ ከሥሩ ምንም የለም። መንደሩ እልል አለ። ሰይድ ግን አልሳቀም። በሁለቱም ጫፍ እሾህ አጠረበትና «ከአውራጃ ተቆጣጣሪ መጥቶ ሳያየው ሰው እንዳይረግጠው» አለ። ጸንታለች ወይስ ገና ናት፣ እሱም አያውቅም። ተቆጣጣሪው ይመጣል ሲባል መንገዱ ጭቃ ሆነ፤ ጭቃው ሳይደርቅ ሐምሌ ገባ። ሰይድ ቀኑን ሙሉ በዚህ ጫፍና በጎጆው መሐል ሲመላለስ ይውላል። ወሎ እናቱ ታማለች ተብሎ መልእክት መጥቶለት ነበር፤ አልሄደም። መቀመጥ አለመቻልን መጀመሪያ ያየሁት ከእሱ ነው።

እኔን ወንዙ ሳይሞላ ገና ለእታለም ሥራ እንዳግዛት ወደ ማዶ ልከውኝ ነበር። ምጡ የያዛት አንድ ቀን ረፋድ ላይ ነው፤ ከሰዓት አዋላጇ እጇን ታጥባ ወጣችና ባሏን አያሌውን «ልጁ ዞሯል፤ ሐኪም ቤት ይዛችሁ ውጡ» አለችው። ቃሬዛ ታሰረ። በእኛ አገር ሰው በቃሬዛ ሲወጣ የሰማ ሁሉ ይከተላል፤ ተሸካሚ ይቀያየራል፣ ያልተከተለ ሰው ነገ ቀባሪ አያገኝም። የመንደሩ ወንድ ሁሉ ዱላውን ይዞ፣ ዝናቡ እየወረደ፣ ወንዙ ዳር ደረስን። ውሃው አይሻገሩትም። ድልድዩ እሾህ ለብሷል። ማዶ አባቴና እናቴ ጩኸቱን ሰምተው ወጥተው ቆመዋል፤ እናቴ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ከታለች።

ሰይድ ከዚያኛው ጫፍ ሰዉን አየ። እሾሁን ገፍቶ ብቻውን ወደ እኛ ተሻገረ፤ ቀስ እያለ፣ እግሩን እየሰማ። ደረሰና እታለምን አያት። እሷም አየችው።

«አራት ሰው ብቻ ይሸከማት» አለ። «አንዲት ሴት ትከተል። ሌላው እዚህ ይቅር።»

«እንዴት ነው የሚቀረው?» አለ ከኋላ አንዱ። «ቃሬዛ ጥሎ የሚቀር ወንድ አይተህ ታውቃለህ?»

«ጋሼ፣ ሁላችሁም ከወጣችሁበት እኔ ኃላፊነቱን አልወስድም። ጊደሯ አራቱንም ትችል እንደሆነ አላውቅም። እንዲህ ይሁን፤ እኔ ከሥሯ እገባለሁ፣ ሆዷን እያየሁ። ስትሰነጠቅ ካየሁ እጮኻለሁ። ድምፄን ስትሰሙ ባላችሁበት ዙሩና ተመለሱ።»

«አንተስ?» አለው አያሌው። «ከወደቀች ከሥር ያለኸው አንተ ነህ።»

ሰይድ ጫማውን እያወለቀ ነበር። ዳሩን ይዞ ወረደ፣ ከግንቡ ሥር ውሃው ወገቡን በያዘበት ጥግ ቋጥኝ ተደግፎ ቆመ፣ ፊቱን ወደ ላይ አቀና። ከላይ ላለነው ጠፋብን።

ገባን። አያሌው ከፊት፣ እኔ ከራስጌዋ በኩል ዝናብ እንዳይመታት ላስቲክ ይዤላት። ድልድዩ ሰፊ አይደለም፤ ግራና ቀኙ ውሃ ነው፣ ድምፁ ጆሮ ይደፍናል። እታለም ታቃስታለች። እኔ የማዳምጠው ግን እሷን አልነበረም፣ ከሥር የሚመጣውን ነው። ላለመስማት እየጸለይሁ አዳምጣለሁ። አያሌው አንድ እግሩን ያስቀምጣል፣ ይጠብቃል፣ ሌላውን ያነሣል። ከኋላ የቀሩት ወንዶች ዝናቡ ውስጥ ዝም ብለው ቆመዋል፤ ያን ያህል ሰው ያን ያህል ዝም ሲል ከዚያ በፊትም በኋላም አልሰማሁም።

መሐሉ ላይ ስንደርስ ድምፁ መጣ።

ከሥር ነው፣ የሰይድ ነው። ቃሉን ውሃው ውጦታል፤ የደረሰን ጩኸቱ ብቻ ነው። አያሌው ተተከለ። ቃሬዛው አጋደለ፣ ላስቲኩ ከእጄ ሊያመልጥ ደረሰ። ከዳር አንዱ «ተመለሱ ነው የሚለው?» ብሎ ጮኸ። ማንም አልተንቀሳቀሰም። ወደ ኋላ ብንመለስ እታለም ዐምና የቆመችበት ዳር ነው፤ ወደ ፊት ብንሄድ ከሥራችን ያለውን አናውቅም። ድምፁ ደገመ። ጎንበስ አልሁ። ሦስተኛውን ያኔ ለየሁት።

«ማርያም... ማርያም...»

የእሱ አገር እናቶች፣ ሙስሊሟም ክርስቲያኗም፣ ሴት ስታምጥ የሚሉትን ነው የሚለው። የሚያቃስተውን የእታለምን ድምፅ ከራሱ በላይ ሰምቶ ነው እንጂ ስንጥቅ አላየም። ከኋላችን ያለው ወንድ ሁሉ ተቀበለው፤ ማዶ እናቴ ነጠላውን ከአፏ አውጥታ ተቀበለችው፤ ወንዙ በሁለቱም ዳር ማርያም ማርያም ሲል አያሌው እግሩን አነሣ። አባቴ በዚያኛው ጫፍ የቀረውን እሾህ በባዶ እጁ ይነቅላል፣ እጁ ደም ሆኗል። ተቀበለን። እታለም ከቃሬዛው ላይ እጅጌውን ይዛ ስታበቃ መጀመሪያ የተናገረችው «ሰውዬው ከሥር ነው፣ ውሃው እየጨመረ ነው፣ አውጡት» የሚል ነው።

ልጇ በዚያው ምሽት ደብረ ታቦር ሐኪም ቤት ተወለደች፣ ሁለቱም በደህና። መንገዱን እንዴት እንደሮጥን፣ ማን እንደተቀየረ፣ ምን ላይ እንደወደቅሁ ረስቼዋለሁ። ከጆሮዬ ያልወጣው ቃሬዛውን አንሥተን ዳገቱን ስንጀምር ከኋላዬ የሰማሁት ነው። አባቴ ገመድ ይዞ ወንዙ አፍ ላይ ተንበርክኳል፣ ያን በረዶ ያወርድብናል ያለውን ሰው ይጠራል። ሰይድ አሁንም ዐይኑን ከሶሌታው ሆድ አላነሣም፣ አሁንም ይጮኻል፤ ማለቁን አልሰማም።

«ሰይድ፣ ልጄ፣ ውጣ» ይላል አባቴ። «ተሻግራለች። ልጄ፣ ተሻግራለች፣ ውጣ።»